ከሲያትል የሚነሳው የአላስካ መርከብ ካናዳ ይገባል! እናቴን ወደብ ላይ አስቀሩብኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ አላስካ፣ መርከብ ላይ ናቸው። እኔና እማዬ ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን፣ የአክስቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለናል። እማዬ አራት ወር ሙሉ ስታወራለት የከረመችውን በረዶ ሳታይ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። ይህን ያደረገን ደግሞ ጉዞውን የሸጠልን የገዛ ወገናችን ነው።

ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ፌስቡክ ላይ "አላስካ፣ ካሪቢያን፣ ዱባይ፣ ለቤተሰብ ልዩ ቅናሽ" የሚል ፖስተር የሚለጥፈው። ቢሮ የለውም፤ ስልክና ቴሌግራም ብቻ ነው ያለው። ገና ሄሎ ስትሉት "እህቴ" ይላል። የየት አገር ልጅ ነሽ ብሎ ጠይቆ ወዲያው ዘመድ ይቆጥራል። ዋጋው እስከ አርብ ብቻ ነው ይላል። ከዚያ በዜል፣ በስልክ የባንክ ገንዘብ መላኪያው፣ ላኪ ነው።

እማዬ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ውርጭና ብርድ ለእሷ አዲስ አይደለም። መጋቢት ላይ በቪዚተር ቪዛ ስትመጣ ልጄ አንድ ቪዲዮ አሳየቻት። የበረዶው ግድግዳ ተገንጥሎ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ። እማዬ ሦስቴ አስደገመቻት። "ይሄ ሁሉ በረዶ ነው? ባሕር ላይ?" አለች። በዚያው ቀን ከባለቤቴ ጋር ወሰንን፤ ሳትመለስ እናሳያታለን አልን።

ቀኑን የመረጥነው ለእሷ ብለን ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሃሉ ካለው ሦስት ሳምንት አንዱን ያዝን፤ የመርከቡ ምግብ እንዳያስቸግራት። ይህን ሁሉ ለሰውየው ነግሬዋለሁ።

መንገዱንም እኔው ነኝ ያጠናሁት። ከቫንኩቨር የሚነሱ አሉ። እነሱ በቫንኩቨር ደሴትና በዋናው መሬት መሃል ስለሚያልፉ ውሃው ረጋ ያለ ነው። ከሲያትል የሚነሱት ብዙዎቹ ከደሴቱ ውጪ፣ በክፍቱ ውቅያኖስ ነው የሚሄዱት። የመጀመሪያው ቀን ይንጣል ይባላል። ለእማዬ ወገብ የቫንኩቨሩ ይሻል ነበር። ግን ቫንኩቨር ካናዳ ነው። እማዬ የካናዳ ቪዛ የላትም። ስለዚህ ተውኩት። ልብ በሉልኝ፤ ሲያትልን የመረጥኩት ካናዳ እንዳንገባ ብዬ ነው!

ይህንንም ነገርኩት። ሚያዝያ ላይ ቴሌግራም ላይ በድምፅ መለሰልኝ። ደጋግሜ ስለሰማሁት በቃሌ ነው የማውቀው። "እህቴ፣ አትጨነቂ። ከሲያትል ወጥቶ ሲያትል ነው የሚመለሰው። አላስካ እኮ አሜሪካ ነው። ካናዳ የሚቆመው ለሦስት አራት ሰዓት ነው፣ እሱም በማታ። እማማ ካልወረዱ ፓስፖርት የሚጠይቃቸው የለም። እማማን ለእኔ ተዪያቸው።"

አላስካ ያለው የበረዶ ግግር ፓርክ፣ ግላሲየር ቤይ፣ የሚገባውን መርከብ አስያዘን። እዚያ ፓርክ ውስጥ በቀን ከሁለት ትልልቅ የሽርሽር መርከብ (ክሩዝ) በላይ አይፈቀድም። እሱም ይህን እያነሳ ያጣድፈኝ ነበር፤ ቦታው ሊያልቅ ነው፣ ሊያልቅ ነው እያለ። ለአምስት ሰው 8,150 ዶላር፣ ለእሱ ደግሞ 300። ሁሉንም በዜል ላክሁለት።

እሁድ ጠዋት ሲያትል ወደብ፣ ፒር 91 ደረስን። ሻንጣዎቹን በር ላይ ተቀብለው ወሰዷቸው፤ እነሱ ቀድመው ነው መርከቡ የሚገቡት። እማዬ አዲስ የገዛንላትን ወፍራም ጃኬት ለብሳ፣ ነጠላዋን ከላይ ጣል አድርጋለች። በእጇ የዳቦ ቆሎ ፌስታል ይዛለች። ልጆቹ መርከቡን በመስታወቱ አይተው ይዘላሉ።

የእኛ አራት ፓስፖርት ወዲያው አለፈ። የእማዬ ጋ ሲደርስ ሰነድ የምታየው ልጅ ቆመች። የአሜሪካ ቪዛዋን አየች። ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። ባዶ። ሌላውን ገለጠች። ባዶ። እስከ መጨረሻው ሄዳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ "የካናዳ ቪዛዋስ?" አለችኝ። ከመርከብ አትወርድም አልኳት። አለቃዋን ጠራች። ትልቅ ሰው ነው፣ ሽበት ያለው፣ ትሑት። ብትወርድም ባትወርድም መርከቡ የካናዳ ወደብ ከነካ ቪዛ ያስፈልጋታል አለኝ። እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ በየጊዜው እናያለን አለ። ለእማዬ ወንበር ራሱ አመጣላት። እማዬ ወንበሩ ሲመጣ ጉዳዩ የተጨረሰ መስሏት "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ፈገግ አለች።

ለሰውየው ደወልኩ። አያነሳም። አራተኛው ላይ አነሳ። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ አዳራሹ ይንጫጫል፣ አይሰማኝም። ድምፁን ከፍ አድርጌ በስፒከር አደረግኩት። እዚህ ላይ ነው ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ።

"ሰነድ የተጓዥ ኃላፊነት ነው፣ ኢሜይሉ ላይ ተጽፏል" አለኝ። አንተ አይደለህም ወይ አያስፈልግም ያልከኝ ስለው "እኔ ኢሚግሬሽን ነኝ እንዴ?" አለኝ። እሺ አሁን ምን ላድርግ ወንድሜ፣ እናቴ እዚህ ቁጭ ብላለች አልኩት። ለመንኩት። እንዲህ አለኝ፦

"አሮጊቷን ዘመድ ጋ አስቀምጫትና እናንተ ሂዱ። እሷ በረዶ ምን ያደርግላታል?"

አራት ወር ሙሉ "እማማ" ነበረች። "እሳቸው" ነበረች። እንዴት አደሩልኝ፣ ይመርቁኝ ሲላት ነበር። አንድ ቀን አስመርቆ አሜን ብሎ ነው ስልኩን የዘጋው። ገንዘቡ ከገባ በኋላ፣ ችግር ከመጣ በኋላ፣ "አሮጊቷ" ሆነች። እማዬ ሰማች። እንግሊዝኛ አይደለ፣ በራሷ ቋንቋ ሰማችው። የዳቦ ቆሎውን ፌስታል ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና "ልጄ፣ ስልኩን ዝጊው" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ሁላችንም እንመለስ አልኩ። እማዬ እምቢ አለች። ልጆቹ በእኔ ምክንያት ቀሩ መባል አልፈልግም ብላ ተቆጣች። እውነተኛ ቁጣ፣ ልጅ ሆኜ የማውቀውን። ባለቤቴና ልጆቹ ገቡ። ትንሹ ልጄ እያለቀሰ፣ ወደ ኋላ እየዞረ ነው የሄደው። እኔና እማዬ ሻንጣችን ከመርከቡ ሆድ ተፈልጎ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። የደም ግፊት መድኃኒቷ እዚያ ውስጥ ነበር።

አሁን የማውቀውን ሚያዝያ ላይ ባውቅ ኖሮ! እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። በሌላ አገር የተመዘገበ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ መንገደኛ አሳፍሮ፣ ሌላ አገር ሳይነካ፣ የአሜሪካን ወደቦች ብቻ ዞሮ መመለስ አይችልም። ትልልቆቹ ክሩዞች ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የቤርሙዳ ወይም የሆላንድ ባንዲራ ናቸው። ስለዚህ ከሲያትል ተነስቶ አላስካን አሳይቶ የሚመለስ ትልቅ መርከብ የግድ ካናዳ ይቆማል። ብዙውን ጊዜ ቪክቶሪያ ነው፣ በመጨረሻው ምሽት። በኮሮና ጊዜ ካናዳ ወደቦቿን ስትዘጋ ኮንግረስ በ2021 ለአላስካ ክሩዞች ብቻ ጊዜያዊ ሕግ ማውጣት ነበረበት። ይህን ሥራ እሠራለሁ የሚል ሰው ይህን አያውቅም? ያውቃል። ቢነግረኝ እንዳልገዛው ነው የፈራው።

የካናዳ ቪዚተር ቪዛ ደግሞ 100 የካናዳ ዶላር ነው፣ የአሻራው 85። እማዬ እዚሁ አሜሪካ ሆና ማመልከት፣ አሻራውንም እዚሁ መስጠት ትችል ነበር። ሦስት ወር ጊዜ ነበረን። ቪዛ ያስፈልጋታል ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ እንሞክረው ነበር። እሱ ግን አትጨነቂ አለ። የእኔና የእማዬ 3,260 ዶላር ቀለጠ። በሰነድ ጉድለት የቀረ ሰው ከወደብ ታክስ በቀር የሚመለስለት የለም።

እኔም ጥፋት አለብኝ፣ አልደብቅም። የጉዞው ዝርዝር ፍሪጃችን ላይ ተለጥፎ ነበር። ትንሹ ልጄ ወደቦቹን በቀይ ማርከር አክብቧቸዋል። ጁኖ። ሲትካ። ኬችካን። ቪክቶሪያ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6። በየቀኑ ወተት ሳወጣ አየዋለሁ። ቪክቶሪያ ካናዳ እንደሆነ አጥቼው አይደለም። አንድ ስልክ ለመርከብ ድርጅቱ ብደውል አምስት ደቂቃ ነበር። አልደወልኩም። የእኛ ሰው ነው፣ እናቴን እማማ ይላታል ብዬ አመንኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ሌሊት የሚያነቃኝ ይሄ ነው።

እሁድ ማታ ያንን የድምፅ መልእክት ለባለቤቴ ልልክለት ቴሌግራሙን ከፈትኩ። የለም። ከእኔም ስልክ አጥፍቶታል። ጽሑፎቹም የሉም። የቀረኝ የዜሉ ደረሰኝ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጓደኛዬ ስክሪንሾት ላከችልኝ፤ የመስከረም አላስካ ማስታወቂያ ለጥፏል። "እናቶችን ይዛችሁ ኑ" ይላል።

ለዚህ ነው የጻፍኩት። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ይዛችሁ ከሲያትል አላስካ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ የካናዳ ቪዛ ሳይያዝ አትክፈሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከ2022 ጀምሮ ፓስፖርቱንና ካርዱን ይዞ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ቪዚተር ቪዛ ብቻ ያለው ግን አይገባም፤ "ካልወረዱ ችግር የለውም" ቢሏችሁ አትስሙ። የመርከብ ድርጅቱን ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ በዜል አይሁን። የሚላችሁን ሁሉ በዚያው ቀን ስክሪንሾት አንሱ።

በዚሁ ሰው እጅ የወደቀ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የዜል ደረሰኝ ያላችሁ አታጥፉት። እኔ ብቻዬን ብከሰው አንድ ሴት ናት ይላል። ሦስት አራት ከሆንን ግን አንድ ነገር እናደርጋለን።

አሁን ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከግላሲየር ቤይ ፎቶ ላከ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ተቀበለችኝ። ብዙ አየችው። "ልጆቹ ኮፍያ አላደረጉም፣ ንገሪው" አለችና መለሰችልኝ።