በሜሪላንድ የአንድ የወንጀል ጥብቅና ቢሮ አገልግሎት፦ በዲስከቨሪ ሥራው ሲመዘን

ታናሽ ወንድሜ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በድብደባ ወንጀል በተከሰሰ ጊዜ ጉዳዩን የያዘለት በሮክቪል ያለ አነስተኛ የጥብቅና ቢሮ ነበር። ስለ ጠበቃ ስንጠያየቅ አብዛኞቻችን የምናነሣው ክፍያውንና በችሎት ያለውን የአንደበት ብርታት ነው፤ እኔ ግን ይህን ቢሮ የምመዝነው ከዐቃቤ ሕግ የሚመጣውን ማስረጃ፣ ማለትም ዲስከቨሪውን፣ በያዘበት መንገድ ነው።

በሜሪላንድ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት፣ ማለትም ከበድ ያሉ ክሶች በሚታዩበት የካውንቲው ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ የምስክሮቹን ስምና የጽሑፍ ቃል፣ ተከሳሹ ሰጠ የተባለውን ቃል እንዲሁም ለተከሳሹ የሚጠቅመውን መረጃ ሳይጠየቅ ማስረከብ አለበት። ጊዜው 30 ቀን ሲሆን፣ የሚቆጠረውም የተከሳሹ ጠበቃ ጉዳዩን መያዙን ለፍርድ ቤቱ ካሳወቀበት ወይም ተከሳሹ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ከቀረበበት፣ ከሁለቱ ከሚቀድመው ቀን ጀምሮ ነው። የሚጠቅም ማስረጃ መደበቅ የተከሳሽን ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሚጥስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 የወሰነውም ከዚሁ ከሜሪላንድ በተነሣው የብሬዲ ጉዳይ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ግን የዐቃቤ ሕግ ምስክር አስቀድሞ የሰጠው ቃል እንዲሰጥ ማስገደድ የሚቻለው ምስክሩ ችሎት ላይ ከመሰከረ በኋላ ስለሆነ፣ እዚያ የተከሰሰ ሰው ይህንኑ እንዳይጠብቅ አሳስባለሁ።

ማስረጃ መድረሱ ግን ተሟልቶ ደረሰ ማለት አይደለም። በፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የሁለት መኮንኖች ስም ሲገኝ የደረሰን ግን የአንዱ የደረት ካሜራ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ጠበቃዋ ይህን አስተውላ በመጀመሪያ በደብዳቤ፣ መልስ ሲዘገይም ለፍርድ ቤቱ አቤቱታ አቅርባ ሁለተኛውን አስመጣች። በዚያ ቪዲዮ ላይ ዋናዋ ምስክር በአማርኛ ስትናገር ትሰማለች፤ ጠቡን ማን እንደጀመረው እንዳላየች በግልጽ ትናገራለች፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሪፖርት ግን እንዳየች አድርጎ መዝግቦታል። ቢሮው ንግግሩን በባለሙያ አስተርጓሚ ቃል በቃል አስጽፎ ከነትርጉሙ ለዐቃቤ ሕግ ላከ። ቀደም ሲል ጥፋተኝነትን በማመን ጉዳዩን የመጨረስ ሐሳብ ቀርቦለት በነበረበት ወቅት ጠበቃዋ ውሳኔው የወንድሜ መሆኑን ነግራው፣ ማስረጃውን ሙሉ በሙሉ ሳያይ እንዳይቀበል መክራዋለች። በኋላ ክሱ ተነሣ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ቪዲዮ የመመልከቻው ሰዓትና የአስተርጓሚው ክፍያ ከመነሻው ዋጋ ውጭ መሆኑ በውሉ ላይ ቢጻፍም በቃል አልተነገረንም፤ ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። ተከላካዩም የምስክሮቹን ስምና አድራሻ ከመጀመሪያው የሙግት ቀጠሮ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታው ሆኖ ሳለ፣ ቢሮው ዘግይቶ ስለጠየቀን ሰዎቹን የፈለግነው በጥድፊያ ነው።

ያም ሆኖ ክሱ በምስክርና በቪዲዮ ላይ ለቆመበት ሰው ይህን የመሰለ ቢሮ እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ። ለጠበቃ መክፈል የማይችልም ሰው የሚቆምለት የግዛቱ የተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ስለሆነና ደንቡም አንድ ስለሆነ፣ የሁሉም መኮንኖች ቪዲዮ መድረሱንና በአማርኛ የተነገረው ሁሉ በባለሙያ መተርጎሙን ጠበቃውን ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቅ።