ከአያቴ ጋር ሲኒማ ቤት

ስምንት ሰዓት ተብሎ ስምንት ከሃምሳ ተጀመረ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ማርቆስ ላይ ባጃጅ በጊዜ ነው የሚገባው፤ ሃምሳ ደቂቃ ቀላል አይደለችም።

ዝግጅቱ የከተማችን ደራስያን ያሰናዱት ነው። አንድ የቆየ ፊልም መርጠው ያሳያሉ፣ ከዚያ ውይይት አለ። መግቢያው 50 ብር። የዚህ ዙር ፊልም የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነበር። በር ላይ ስለ ፊልሙ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጣሉ፤ ጎበዞች። ከመጀመሩ በፊት ሦስት ግጥም ተነበበ። አንዱ ይበቃ ነበር።

አያቴን ይዤ ነው የሄድኩት። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ቢቸና ሲያርሱ የኖሩ ሰው። ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቀስ ይላል። ገበሬዎቹ ያርሳሉ፣ ያርሳሉ፣ አሁንም ያርሳሉ። ባለመሬቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ይጮኽባቸዋል። ከኋላዬ የነበሩ ልጆች ግማሹ ላይ ስልካቸውን አወጡ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ሁለቴ አዛግቻለሁ።

አያቴ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደፊት ጎንበስ ብለዋል። በሬዎቹ ሲመጡ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«ይኼ ሰውዬ አራሽ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«እርፉን አያያዙን እያት። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ እጁ ቀድሞ ያውቃል።»

በስልኬ መብራት ወረቀቷን አየኋት። እውነትም የሚተውኑት ባብዛኛው የተዋናይነት ሙያ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው የተቀረጸው። መሬት ላራሹ በየካቲት 1967 ሳይታወጅ ማለት ነው።

ድምፁ አስቸጋሪ ነበር። በግራ በኩል ያለችው ስፒከር ብቻ ነበር የምትሠራው፣ እሷም ትንሿሿለች። ንግግሩ አማርኛ ሆኖ ሳለ እኛ ከታች ያለውን እንግሊዝኛ እያነበብን ተከታተልነው። እንግሊዝኛውን መልሼ ለአያቴ በአማርኛ ሹክ እላለሁ። ይህን ጉድ ለማን ይነግሩታል! ከበበ የሚባለው ሰውዬ ብቻ ነው ያለ እኔ እርዳታ የተሰማቸው። ጣሊያንን ተዋግቶ ሲያበቃ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው እንደ እብድ የሚያየው ሰው ነው። እሱ ሲናገር ስልክ የያዙትም ቀና አሉ። መብራት አንዴ ጠፍቶ ጄኔሬተሩ በአምስት ደቂቃ ተነሣ፤ ለእሱ ምስጋና ይገባል።

ቅር ያለኝ ውይይቱ ላይ ነው። አራት ደራስያን መድረክ ላይ ተቀምጠው ስለ ተምሳሌት ተነተኑ። መጥፎ አልነበረም። በተለይ አንዱ በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንሥቶ፣ ፊታውራሪ መሸሻንና የዚህን ፊልም ባለመሬት ሲያነጻጽር አዳራሹ ነቃ አለ። ማይኩ ግን ከመድረክ አልወረደም። አያቴ ሦስት ጊዜ እጃቸውን አነሡ። ሦስተኛው ላይ «ሰዓት አልቋል» ተባለ።

ሊሉት የነበረውን ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት።

«እኛ ዘንድ እኮ መሬቱ ርስት ነው። እንዲህ ያለው ጭሰኛ እኛ አገር ብዙ አልነበረም። እኛን ያስነሣን ግብሩ ነው።»

በ1960 የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ብሎ መነሣቱን አንብቤአለሁ። አያቴ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ እንደነበሩ ግን አስልቼ አላውቅም። እስከ ቤት ድረስ ሲያወሩ ሾፌሩ ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ያ ወሬ ነበር ለአዳራሹ የሚገባው።

ልሂድ ወይ ካላችሁኝ ሂዱ። 50 ብሩ አያስቆጭም። በግራ በኩል፣ ከስፒከሯ አጠገብ ተቀመጡ። አዘጋጆቹም ከግጥሞቹ ሁለቱን ቀንሳችሁ ማይኩን አውርዱልን።

እሑድ ጠዋት ቡና ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። አያቴ ወንበራቸውን ተሸክመው ወጡ፣ ግቢው ጫፍ ከፍ ያለችው ቦታ ላይ አስቀመጧት፣ ተቀመጡ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ታች ቀስረው በእኛ ላይ ይጮኹብን ጀመር።