የኮሪያ ዘማቹን አያታችንን ሥዕል ላደሱልን የአራት ኪሎ ሰዓሊ

በኮሪያ ጦርነት ዘመን በዘይት ቀለም የተሳለውን፣ የቃኘው ሻለቃ ጦር መኮንን የነበሩትን አያታችንን ሥዕል ላደሱልን ሰዓሊ ከነቤተሰባችን እናመሰግናለን። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስላሉን ጋሼ እንበላቸው። ፒያሳ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ተዛውረዋል።

ሥዕሉ እጃቸው ሲገባ በእጣንና በከሰል ጭስ ጠቁሮ ነበር። ሸራው ረግቧል። አያታችን ደረት ላይ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ሪባን ደግሞ ድፍን ሰማያዊ ሆኗል። እውነተኛው ሪባን 9 ሰማያዊና 8 ነጭ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ለካ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው "አድሶት" ኖሯል! ጋሼ የነቁት መስመር ሳይቆጥሩ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያዩት የኮቱ ቀለም ስንጥቅ ሪባኑ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ በላዩ የተቀባ ቀለም የድሮውን ስንጥቅ ይደፍነዋልና።

መጀመሪያ ፊቱንም ጀርባውንም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራገፉ። ቀጥሎ ፍሬም በሚሸፍነው ጥግ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ሞከሩ። ጥላሸቱን ያነሱት ብታምኑም ባታምኑም በምራቅ በረጠበ ጥጥ ነው። ቢጫ የሆነውን ቫርኒሽ በማሟሟያ ሲያነሱ ዓይናቸው ከጥጡ አይነቀልም፤ ቡናማ ከያዘ ይቀጥላሉ፣ የዩኒፎርሙን ካኪ ከያዘ ወዲያው ያቆማሉ። ሪባኑ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከ17ቱ መስመሮች 14ቱ ከሥር ወጡ። የጎደሉትን 3 መስመሮች ሜዳዩን ራሱን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ወደፊት ሊነሳ በሚችል ቀለም ሞሉ። ፎቶ አልፈለጉም፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሰማያዊም ቀይም ግራጫ ነው። "ፊታቸውን ትንሽ ወጣት ያድርጉልን" ያለ ዘመድ ነበር፤ እሺ አላሉትም። ምስጋናችን ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

ሸራውን የወጠሩት በቴላዮው (ሸራው በተወጠረበት የእንጨት ፍሬም) አራት ጥግ ያሉትን 8 ሽብልቆች በቀን ጥቂት ጥቂት መታ መታ እያደረጉ ነው። ክረምት ላይ ከቀለሙ ሥር ሸራው ላይ የተቀባው ሙጫ እርጥበት ጠጥቶ ይለሰልሳል። ያኔ አጥብቆ የወጠረ ሰው ኅዳር ላይ አዲስ ስንጥቅ ያገኛል፤ ያረጀ የዘይት ቀለም አይለጠጥም።

እንዲህ ያለ ሥዕል ያላችሁ በላርጎ፣ በሽንኩርትም ሆነ በድንች አትጥረጉት። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከቀለሙ ሥር ያለውን ያሳብጠዋል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ከቡናው ረከቦት ፊት ለፊት አትስቀሉት። ከጀርባው በታች በሁለቱ ጥግ የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፣ ግድግዳውን ሳይነካ አየር ይግባው።

ወደ ጋሼ ስትሄዱ ሸራውን እንዳትጠቀልሉት፣ ከነቴላዮው ቀጥ አድርጋችሁ ውሰዱት። ኒሻኑ ወይም ሪባኑ ቤት ካለ አብራችሁ ያዙ። ዋጋ በስልክ አይናገሩም፣ አይተው ነው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።