ከሐረር ለመብረር፦ በዕለቱ መውረድ ወይስ ድሬ ማደር?

ሐረር ላይ ሆኖ አዲስ አበባ መብረር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ድሬዳዋ መውረድ አለበት። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ምርጫው በበረራው ዕለት መውረድ ወይም ዋዜማውን ድሬ ማደር ነው።

በዕለቱ መውረድ ኪስ አይጎዳም። የአልጋ ወጪ የለም፣ ሌሊቱም በራስ ቤት ይታደራል። ግን ልብ አያርፍም። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ካጨናነቀው ዓይን ከሰዓት አይነቀልም። የደንገጎ ቁልቁለት ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። ኤርፖርት ሲደረስ ፍተሻ፣ ሻንጣ ማስመዘን፣ ሩጫ።

ዋዜማውን መውረድ ግን ራሱ የጉዞው ክፍል ነው። እኔ ይሄኛውን በጣም እወደዋለሁ። ሻንጣው በጊዜ ይዘጋል። መታወቂያው የት ገባ የሚል ፍለጋ የለም። ሐረር የተለበሰው ሹራብ ደንገጎን ሲያልፉ ይወልቃል፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ግን 1,200 አካባቢ። አመሻሹ ላይ ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ጠዋት ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ ተረጋግቶ ቁርስ ይበላል። ቀድሞ ገብቶ ቁጭ ማለትም ደስ ይላል፦ የሚሸኙ እናቶችን ማየት፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ መጠበቅ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደስታውን አየር ላይ ብቻ የጠበቀ ሰው ሳይጠግብ ይወርዳል።

ድሬ ዘመድ ካለ ጥያቄም የለው፣ እዚያው ይታደር። በረራው ከሰዓት በኋላ ከሆነና ብር ካጠረ ግን በማለዳ ከሐረር መነሳት ይበቃል።