ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጠበቃዬ፦ ሥራዋ አንደኛ፣ ስልኳ ግን አይነሳም

ከሱቅ ሸሪኬ ጋር ስንካሰስ የእሱን ጠበቃ ስም እንዳየች «ይህ ሰውዬ ለአንተ ሠርቶ ያውቃል?» አለችኝ። እንዴታ! የሽርክና ውሉን ያረቀቀልኝ እሱ ነው። ውሉን ገልጣ አየችና በዚያው ሳምንት ከጉዳዩ እንዲነሳ አቤቱታ አስገባች።

የሜሪላንድ የጠበቆች ደንብ 19-301.9 የቀድሞ ደንበኛ በጽሑፍ ካልፈቀደ ጠበቃው በተያያዘ ጉዳይ በተቃራኒው እንዳይቆም ይከለክላል። ደንበኛው እያወቀ ለወራት ዝም ካለ ግን ዳኛው ተቃውሞውን እንደተወው ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ ክርክሩ ሲከፋበት የመዘዛት ዘዴ ናት ብለውም ይጠረጥራሉ። ሌላ ያማከርኩት ጠበቃ «ለኋላ እናቆያት» ብሎኝ ነበር፤ ጉድ ሊሠራኝ!

ክፍያዋ በሰዓት ነው፣ ኢሜይል ማንበቧም ሳይቀር ይታሰባል። ስልክ የምታነሳው ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻታለሁ።