አስቂኝ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች፦ ከሦስቱ ተከታታዮች የትኛው ይገዛ?

በሳቅ የተዋዛ የምርመራ ልብ ወለድ በተከታታይ ለማንበብ የሚፈልግ ገዢ፣ ከቅጾቹ ብዛት በፊት ሊመረምረው የሚገባው ቀልዱ በታሪኩ ውስጥ ያለውን ሚና ነው። ቀልዱ ማጣፈጫ ብቻ የሆነበት ተከታታይ አለ፤ አንባቢውን አዘናግቶ ፍንጩን በአጠገቡ የሚያሳልፍበትም አለ።

ከኋለኛው ወገን የምመድበው እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረውን የሪቻርድ ኦስማንን «የሐሙስ ግድያ ክበብ» ነው። በእንግሊዝ ኬንት፣ በጡረተኞች መንደር የሚኖሩ አራት አዛውንት በየሐሙሱ እየተሰበሰቡ እልባት ያላገኙ የግድያ መዝገቦችን ይመረምራሉ። ከአራቱ አንዷ፣ ጡረተኛዋ ነርስ ጆይስ፣ የቀን ማስታወሻ ትጽፋለች፤ ወሬዋ ከሬሳ ወደ ኬክ፣ ከኬክ ወደ ልጇ ስለሚዘል፣ አንባቢው ፈገግ ብሎ ያለፈው ነገር ቁም ነገር እንደነበረ የሚገባው ዘግይቶ ነው። በሰማንያ ዓመት ገደማ ያለች ሴት ማንም አይጠረጥራትም፤ ሳቁም እጥፋቱም የሚመነጩት ከዚሁ ንቀት ነው።

የጃኔት ኢቫኖቪች ስቴፋኒ ፕለም ግን ሌላ ናት። ከ1994 ጀምሮ ከሠላሳ በላይ በሆኑ ቅጾች፣ በዋስ ተለቀው ከፍርድ ቤት ቀጠሯቸው የቀሩትን እያሳደደች መኪናዎቿን በተደጋጋሚ ታስፈነዳለች፤ አያቷ ደግሞ የማያውቋቸውን ሰዎች አስከሬን ስንብት እንደ መዝናኛ ይከታተላሉ። ሳቁ አያልቅም፣ እንቆቅልሹ ግን ቀላል ነው፤ ሁለት ቅጽ በተከታታይ ማንበብ እኔን ይሰለቸኛል።

የሬክስ ስታውት ኔሮ ዎልፍ በ1934 ተጀምሮ 33 ልብ ወለዶች ላይ ደርሷል። ዎልፍ ለሥራ ከቤቱ መውጣትን የሚጠላ ግዙፍ መርማሪ ሲሆን፣ በየዕለቱ አራት ሰዓት ለኦርኪድ አበቦቹ መድቧል፤ ደንበኛው ምንም ቢጣደፍ ሰዓቱ አይነካም። የሚያስቀን ረዳቱ አርቺ ጉድዊን ነው፤ ታሪኩን ሲተርክ አሽሙሩ አለቃውንም አይምርም።

የአሠራር ልዩነቱ በግዢ ላይም ይታያል። ዎልፍና አርቺ በአርባ ዓመት ውስጥ ስለማያረጁ ያገኙትን ቅጽ ቢገዙ አይጎዱም። ፕለምን ከመጀመሪያው መጀመር ይመረጣል እንጂ ግዴታ አይደለም። ኦስማንን ግን በቅደም ተከተል ይግዙ፤ የአንዷ ባለታሪክ ባል የመርሳት ሕመም ከቅጽ ወደ ቅጽ ይጠናል፤ የኋለኞቹን ቅጾች የጀርባ ሽፋንም አስቀድመው አያንብቡ።