የሳሎናችንን ጉም ለገፈፈልን ወንድማችን

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ አንድ የመስታወት ባለሙያ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው።

የሳሎናችን ትልቁ መስኮት ድርብ መስታወት ነው። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ጉም ለበሰ። እናቴ በየጠዋቱ በጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ወይ ፍንክች! መጀመሪያ የጠራነው ድርጅት ሰው ልኮ፣ ገና ሳያየው «የቤቱ መስኮት በሙሉ ከነፍሬሙ ይቀየር» አለን። ዋጋውን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ።

ይህ ልጅ ግን ጨርቅ ተቀበላትና ከውስጥ ጠረገ፤ ወጥቶ ከውጭም ጠረገ። ጉሙ እዚያው ነው። «እማማ፣ ውሃው በሁለቱ መስታወት መሃል ነው ያለው። እርስዎ ምን ያድርጉ!» አላት።

በመስታወቶቹ መሃል፣ ጠርዙን ይዞ የሚዞር ቀጭን ክፈፍ አለ። ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ አለው፤ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት ትንሽ ከረጢት ዓይነት። የጠርዙ ማሸጊያ ሲያረጅ እርጥብ አየር ይገባል። ፍሬው መጦ መጦ ሲጠግብ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ያርፋል።

ከዚያ ፍሬሙ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ጎረጎረ። ጥቁር ውሃ ዠቅ አለ። ለካ እዚያ ተኝቶ ማሸጊያውን ሲበላው ኖሯል። እኔ እንዲህ ያለ ቀዳዳ መኖሩንም አላውቅም ነበር። እባካችሁ የእናንተንም እዩት።

የወጥ ቤቱንም አሳየሁት። በጣቱ ሲነካው ረጠበ። «ይሄ አልተበላሸም» አለኝ። የወጡና የሻዩ እንፋሎት ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ያላበዋል፤ ስታበስሉ የምድጃውን ማራገቢያ ክፈቱ አለ። በማለዳ ከውጭ በኩል ጤዛ ብታዩም አትደንግጡ። የቤቱ ሙቀት በመስታወቱ በኩል ብዙ አለማምለጡን ነው የሚያሳየው።

ደስ ያለኝ ሌላም አለ። ስለ ገንዘብ ሳያወራ በፊት ባትሪ አብርቶ ክፈፉ ላይ የታተመውን ዓመት አሳየኝ። «ዋራንቲው ካላለፈ ለእኔ አትክፈይ፣ አምራቹ ጋ ደውዪ» አለኝ። የእኛው አልፎ ነበር። ለክቶ ሄደ፤ መስታወቱ ሲደርስ መጥቶ የሳሎኑን ድርብ መስታወት ብቻ ቀየረ። ፍሬሙ አልተነካም። የከፈልነው መጀመሪያ ከተጠየቅነው ጋር በፍጹም አይገናኝም። ምንጣፉን ሳይቀር ጠርጎልን ነው የወጣው።

እናቴ አሁን ቡናዋን እዚያ መስኮት ሥር ነው የምታፈላው። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቨርጂኒያም ይመጣል።